ኤረር በር፣ ከአርባ ዓመት በኋላ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «እንግዲህ አሁን አገርሽን እይ» ይለኛል። አንዱ ላሊበላን ይመርጥልኛል፣ ሌላው ጎንደርን፣ ሌላው አርባ ምንጭን። እኔም «እሺ» እያልኩ ሜክሲኮ ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ጉልበቴን እያሸሁ የባቡሩን መመላለስ አያለሁ። ሐረርን ግን ማንም አንሥቶብኝ አያውቅም፤ እኔም አላነሣትም ነበር። በወጣትነቴ በነርስነት ተመድቤ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሠርቼባታለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን አርባ ዓመት ሙሉ አልተመለስኩባትም።

ባለፈው ጥቅምት ልጄ ለመሥሪያ ቤቷ ጉዳይ ወደ ድሬዳዋ መሄድ ነበረባት። «እማዬ፣ ትኬቱን እኔ እቆርጥልሻለሁ። ሥራዬን እንደጨረስኩ ቅዳሜና እሑድን ሐረር እናሳልፋለን። የጀጎል በሮች ታድሰው አምረዋል ይላሉ» አለችኝ።

«የትኛው በር?» አልኳት።

«ሁሉም ነው የሚሉት። ምነው?»

«ምንም» አልኩና ሻንጣዬን ላወርድ ተነሣሁ።

እኛ አዲስ አበቤዎች የከተማ በር አናውቅም። ከተማችን ግንብ የላትም። ድሮ በመግቢያዎቿ ላይ ቀረጥ የሚቀበሉ ኬላዎች ነበሩ፤ ዛሬ የቀረልን «ኬላ» የሚለው የሰፈር ስም ነው። የእኔ ሰፈር ሜክሲኮም ስሙን ያገኘው ከሩቅ ወዳጅ ነው። ጣሊያን ሀገራችንን ስትወር ወረራውን አልቀበልም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዷ ሜክሲኮ ስለነበረች አደባባዩ በስሟ ተጠራ። እነሱም በዋና ከተማቸው በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ አደባባይና የባቡር ጣቢያ አላቸው። በክፉ ቀን ፊቱን ያላዞረብንን ወዳጅ በስም እናስታውሳለን ማለት ነው።

ልጆቼን ያሳደግሁት ግን ካዛንቺስ ነው። ኋላ ወደ ሜክሲኮ ብዛወርም እድሬና የቡና ጓደኛዬ እዚያው ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ ለጓደኛዬ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳት። ቤቱ ከቀድሞው ይሻላል። ውሃውም ሽንት ቤቱም ውስጡ ነው፤ የጤና ሠራተኛ ሆኜ ይህን አልክድም። ነገር ግን በየሳምንቱ ትደውልና «መቼ ነው የምትመጪው?» ትለኛለች። እኔም «በሚመጣው እሑድ» እላታለሁ። እንዲህ እያልን ዓመት አለፈን። ይህን ነገር እዚህ ያነሣሁት ኋላ ስለምመለስበት ነው።

ከቦሌ ድሬዳዋ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው። በመኪና የሚሄድ ሰው እስከ ሐረር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ስላለበት እንደኔ ወገቡን የሚያመው ከሆነ መሐል ላይ አንድ ቀን ቢያድር ይሻለዋል። ከድሬዳዋ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የድሬዳዋን ሙቀት ትተን የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ስንወጣ ነፋሱ ቀዘቀዘልን። ሐረማያ ስንደርስ ሐይቁን ለማየት መስኮቱን ከፈትኩት። ይህ ሐይቅ በ1990ዎቹ ደርቆ ነበር። የሐረር ሰው የሚጠጣው ውሃ ከዚያ ይመጣ ስለነበር ከተማዋ ብዙ ተቸግራለች። አሁን ውሃው ተመልሷል። ወፎቹን ሳይ ጥሩ ምልክት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። አወዳይን አለፍን፤ እዚያ ጫቱ እንደ ድሮው በመኪና ይጫናል፣ ይራገፋል። ብዙም ሳንቆይ ሐረር ገባን።

ሐረርን ለማያውቅ ሰው ጥቂት ልበል። የአሮጌው ከተማ ስም ጀጎል ነው፤ ዙሪያውን በድንጋይ ግንብ ታጥሯል። የግንቡ ዙሪያ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። በውስጡ ያለው ከተማ 48 ሄክታር ብቻ ነው፤ በዚያች ጠባብ ቦታ ግን 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ መቃብሮችና ቅዱሳን ስፍራዎች አሉ። ከመስጊዶቹ ሦስቱ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ ናቸው። ዩኔስኮ ጀጎልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ግንቡን ያቆሙት በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከተማዋን ያስተዳደሩት አሚር ኑር ናቸው ይባላል።

የጥንት በሮቹ አምስት ናቸው። ሐረሪዎች በሩን «በሪ» ይሉታል። ወደ ሸዋ የሚያወጣው አስማዲን በሪ፣ ወደ ኤረር ሸለቆ የሚያወጣው አርጎብ በሪ፣ ሰንጋ በር የምንለው ሱቁጣት በሪ፣ ቡዳ በር የሚባለው በድሮ በሪ፣ በሰሜን ደግሞ ፈላና በር የሚባለው አሱም በሪ ናቸው። አምስቱን በር ከአምስቱ የሶላት ሰዓቶች ጋር የሚያያይዙ ሽማግሌዎች አሉ። ለመኪና የሚሆነው ስድስተኛው በር የተከፈተው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በጥንቱ ዘመን ፀሐይ ስትጠልቅ በሮቹ ሁሉ ይዘጉና ቁልፋቸው ለአሚሩ ይሰጥ ነበር። የመሸበት መንገደኛ ነገሥታትን የሚያውቅ ነጋዴም ቢሆን እስኪነጋ ውጪ ያድራል። ሪቻርድ በርተን የተባለው እንግሊዛዊ በ1847 ዓ.ም. ወደ ሐረር ሲመጣ ፈቃድ እስኪመጣለት በር ላይ ቆሞ ጠብቋል። የገባውም በኤረር በር ነው ይባላል።

እኔም ቅዳሜ ጠዋት ልጄን የወሰድኳት ወደዚሁ ወደ ኤረር በር ነበር።

እድሳቱ በእውነት ያምራል። በእኔ ጊዜ የግንቡ ራስ በየቦታው ተንዶ ፍየል ይወጣበት ነበር። አሁን የተናደው ተጠግኗል፣ ድንጋዩ እንደ ጥንቱ ተደርድሯል፣ ውሃ ያጠራቀም የነበረው መንገድም ተነጥፏል። የአካባቢው ሰው ሃሺ የሚለውን ቀላል ድንጋይ በእጄ ዳሰስኩት፤ እንደ ዳቦ ልጣጭ ሻካራ ነው። በሩ እንደማስታውሰው ሰፊ አይደለም። ግንቡ ወፍራም ስለሆነ መሐሉ ላይ ስትቆሙ ጥላው ይቀዘቅዛችኋል። ከኤረር በኩል ሴቶች እንጨትና ፍራፍሬ ተሸክመው እየወጡ ይገባሉ። አንዳቸውም ቀና ብለው በሩን አያዩትም፤ እኛ ቱሪስቶቹ ነን አንገታችን እስኪታመም የምናየው። ለእነሱ የቤታቸው ደጃፍ ነው።

አንዲት ዘይቱን የምትሸጥ ሴት ጠራችኝ። «አንቺ! ዘይቱን ውሰጂ፣ እንዴት ያለ ጣፋጭ መሰለሽ አቦ!»

ልጄ ደነገጠች፤ በዕድሜ እናቷ የምሆን ሴት «አንቺ» ስባል አልሰማችም ነበር። እኔ ግን ደስ አለኝ። ሐረር «አንቱ» የለም። ዳኛውም፣ ሐኪሙም፣ አያቱም አንተና አንቺ ናቸው። ንቀት አይደለም፣ ቤተኝነት ነው። ተመድቤ በመጣሁ ሰሞን አንድ ሕመምተኛ «አንቺ ልጅ፣ ቀስ ብለሽ ውጊኝ» ሲለኝ ተቀይሜ ነበር፤ በወሩ እኔም ለመድኩት።

ሁለት ኪሎ ዘይቱን ገዛሁና ጠየቅኳት። «እዚህ ከበሩ ውጪ፣ በግራ በኩል፣ ሴቶች ሸክማቸውን የሚያሳርፉበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር። ታውቂዋለሽ?»

ሳቀች። «አገሩ ድንጋይ አይደለም እንዴ? የትኛውን ልንገርሽ?» አለች። ቆየት ብላ «እናቴ ብትኖር ትነግርሽ ነበር። እሷም እዚሁ ነበር የምትሸጠው» አለችኝ።

ድንጋዩን አላገኘሁትም። ተነሥቶ ይሆናል፣ ወይ ከሌሎቹ ጋር ግንብ ውስጥ ገብቶ ይሆናል። ልጄ «ምን ነበር እዚያ ድንጋይ ላይ?» ስትለኝ በሩ ጥላ ሥር ተቀምጬ ለአርባ ዓመት ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት። አሁን ለእናንተም እነግራችኋለሁ።

የ1977 ዓ.ም. ክረምት ነበር። ሰዓት እላፊ ታውጆ ማታ ያለ ይለፍ ወረቀት መንቀሳቀስ ክልክል ነበር። ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ የሌሊት ተረኛ ነርስ ነኝ። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ገደማ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ ከላይ እስከ ታች በዝናብ ርሶ መጣ። እህቱ ምጥ ይዟት በቃሬዛ አምጥተዋት ኤረር በር ላይ ጠባቂዎች አቁመዋቸዋል። እሱ ግን ጅቦች በሚገቡበት የግንብ ቀዳዳ ሾልኮ ገብቷል።

ስለዚህ ቀዳዳ ለማያውቅ ልንገረው። ጀጎል ግንብ ውስጥ ሐረሪዎች «ወራባ ኑዱል» የሚሏቸው የጅብ ቀዳዳዎች አሉ። ጅቦቹ ሌሊት ገብተው ሥጋና አጥንት ለቃቅመው ጎሕ ሳይቀድ ይወጣሉ። እንደ ጤና ሠራተኛ ሳስበው የከተማዋ የጽዳት አገልግሎት ነበሩ ማለት ነው። ሰው በሩ ቢዘጋበት ጅብ መግቢያ ነበረው።

ልጁ «ነርስ፣ ነይ፣ አንቺ ከመጣሽ ያስገቡናል» አለኝ።

እኔ ምን አልኩ? «ቆይ፣ ይለፍ ያለው ሰው ይምጣ» አልኩት። ፈራሁ። ወጥቼ ብያዝስ፣ ብተኮስብኝስ ብዬ ፈራሁ። ልጁ በራፉ ላይ ቆመ፤ ከልብሱ የሚንጠባጠበው ውሃ ወለሉ ላይ ተጠራቀመ። እኔ ደግሞ ቴርሞሜትር ይዤ ትኩሳታቸው ከሰዓት በፊት የተለካ ሕሙማንን እንደገና መለካት ጀመርኩ። ሥራ ያለብኝ ለመምሰል ነበር። አርባ ደቂቃ ያህል እንዲህ አለፈ። በመጨረሻ አንድ በዕድሜ የገፉ ድሬሰር ከሌላው ክፍል መጥተው ልጁን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ምንም ሳይሉ ባትሪያቸውን አነሡ። ተከተልኳቸው።

በሩ ላይ የቆመው ወታደር ነጭ ጋወኔን ሲያይ ጠመንጃውን ወደ ትከሻው መለሰና «ነርስ ካለች ይግቡ» አለ። ይኸው ብቻ ነው። አልጮኸብንም፣ ወረቀት አልጠየቀንም። ገና በወጣት ድምፅ ነበር የተናገረው።

እናትየዋ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ወልዳለች። ሕፃኗ በአያቷ ሻሽ ተጠቅልላ ታለቅሳለች። የእናትየው ደም ግን አልቆመም፤ ማህፀኗ ልፍስፍስ ብሏል። መርፌ ወጋኋት፣ ማህፀኗን አሸሁ፣ በቃሬዛ ይዘናት ሮጥን፣ ግሉኮስ ሰቀልን። ሳይነጋ አለፈች። ሃያ ዓመት የሚሆናት ልጅ ነበረች። ሕፃኗን አያቷ ይዛት ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ዛሬ በሕይወት ካለች የአርባ ዓመት ሴት ናት።

ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ ይህን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። አርባ ደቂቃዬ ያድናት ነበር ወይስ አያድናትም፣ እሱን ፈጣሪ ያውቃል። እኔ የማውቀው በዚያ ሌሊት በሩን የዘጋው ወታደሩ ብቻ እንዳልነበረ ነው።

ልጄ እጄን ያዘችና «ሃያ አራት ዓመትሽ ነበር እኮ እማዬ» አለችኝ። እውነቷን ነው። የዚያች ሴት ዕድሜ ደግሞ ከዚያም ያንስ ነበር። ሁለቱንም በአንድ ላይ መያዝ አለብኝ። ዘይቱን ሻጯ የተነጋገርነውን ሰምታ ይሁን ሳትሰማ አላውቅም፣ ሁለት ትልልቅ ፍሬ አንሥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ልከፍላት ስል «ተይው አቦ» አለች።

ከዚያ ተነሥተን በጠባቦቹ መንገዶች እያዘገምን ወደ አሚር ኑር መቃብር ሄድን። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ጉልላት ነው። ጫማችንን አውልቀን ጥቂት ቆምን። የታሪክ መጻሕፍት እንደሚሉት አሚር ኑር ግንቡን ያቆሙት ከተማዋ በጦርነት በተዳከመችበት ጊዜ ነው። ቀጥሎ ረሃብ መጣ፤ ረሃቡን ወረርሽኝ ተከተለው። ጠላትን ያገደው ግንብ በሽታን አላገደም፤ አሚሩም ራሳቸው በዚያው ወረርሽኝ ሞቱ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ሕዝብን ሳስተምር ይህን ምሳሌ ባውቀው ኖሮ እላለሁ። በሽታ በር አያንኳኳም። ውጪ ያለው ሰው ሳይድን ውስጥ ያለው ብቻውን አይድንም። የኮሮና ጊዜ ይህንኑ ነው ያስተማረን።

ከግንቡ ውጪ ብዙ ዘመን የኖሩ ሌሎችም ሰዎች ነበሩ። የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ማለቴ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የካቶሊክ ሚስዮናውያን ሐረር ላይ መጠለያ አቆሙላቸው፤ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ደግሞ ጀርመኖች በባቢሌ መንገድ ላይ ቢሲዲሞ የተባለውን የሕክምና መንደር ከፈቱ። እኔ በሠራሁበት ጊዜ ጣታቸውን ያጡ፣ ግን ከማንም በላይ ጨዋታ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ቁስላቸውን ለማሳጠብ ይመጡ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ «እኛኮ የሐረር ዘበኞች ነን፤ ሁሌ በር ላይ ነን» ይሉ ነበር።

ይህን የሐረር ጉድ አድርጎ የሚያይ አዲስ አበቤ ካለ ወደ ዘነበወርቅ ይሂድ። ግንብ የሌላት ከተማችንም ሕሙማኑን ከዳር አስፍራ ነበር፤ ዛሬ ከተማው ሰፍቶ ዙሪያቸውን ከበባቸው። በዚያው ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና በአፍሪካ ሁሉ የታወቀ ሆኗል። መቼም ነርስነቴ አይለቀኝምና አንድ ነገር ልናገር። ሥጋ ደዌ በዘር አይወረስም፤ አብዛኛው ሰው በተፈጥሮው ይቋቋመዋል። በመድኃኒት ይድናል፤ ሕክምናው እንደ ሕመሙ ዓይነት ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት ነው። ቆዳው ላይ ፈዘዝ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ያየ ሰው ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ። በጊዜ የመጣ ሰው ጣቱን አያጣም።

ያደርነው በአንድ የሐረሪ ቤት ነው፤ ቤቱን ለእንግዳ ማረፊያ አድርገውታል። ሳሎኑ ከፍና ዝቅ ያሉ ነደባ የሚባሉ መደቦች አሉት፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ሥርዓት አለው። ግድግዳው በስፌትና በሳህን ተሸልሟል። የቤቱ እመቤት ቡና እያፈላች ስለ አፎቻ አጫወተችን። አፎቻ የእኛን እድር ይመስላል፤ በሠርግም በለቅሶም ይረዳዳሉ፣ ማንም ብቻውን አይቀርም። «ግንቡን ድንጋይ ብቻ አይደለም ያቆመው» አለች። «እዚህ ሰው ሦስት ቀን ካልታየ ይጠየቃል።»

ያን ጊዜ የካዛንቺሷን ጓደኛዬን አሰብኳት። እሷን ሦስት ቀን ሳይሆን ዓመት ሙሉ አላየኋትም።

ከመሸ በኋላ እንደገና ወደ በሩ ወጣን። ከግንቡ ውጪ በየምሽቱ ለጅቦች ሥጋ የሚያበሉ ሰዎች አሉ፤ ቱሪስቱ የሚሰበሰበው ለእሱ ነው። ልጄ አንድ ቁራጭ ሥጋ በእንጨት ይዛ አበላች፣ ጮኸችም። እኔ ግን በሩን ነበር የማየው። በእድሳቱ የገባው መብራት ድንጋዩን ቢጫ አድርጎታል። አንዲት እርጉዝ ሴት ከባሏ ጋር በባጃጅ ሆና ከኤረር በኩል መጣች፤ ባጃጁ በሩ አጠገብ አቆመና ወርዳ በእግሯ ቀስ እያለች ገባች። ማንም አላቆማት። «ወዴት ነሽ?» ያላትም የለም። አይኔ እስኪያጣት ተከተልኳት።

በር ጥሩ መሆኑ የሚታየው ሲመሽ ነው። ቀን ቀንማ ሁሉም በር ክፍት ነው።

ዛሬ ለእናቶች ነገሩ ብዙ ተሻሽሏል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው አሉ፤ በብዙ ወረዳ አምቡላንስና ቀናቸው የደረሰ እናቶች የሚያርፉበት ማቆያ ቤት አለ። ሆኖም ቤታችሁ ነፍሰ ጡር ካለች ሦስት ነገር አስቀድማችሁ አስቡ፦ የት እንደምትወልድ፣ በምን እንደምትሄድ፣ ሌሊት ቢሆን ማን እንደሚያደርሳት። ከወሊድ በኋላ ደሟ ካልቆመ «እስኪነጋ» አትበሉ።

ወደ ሐረር ለሚሄድ አንባቢም ጥቂት ምክር አለኝ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ማታ ማታ ይበርዳል፤ ጋቢ ወይም ሹራብ አይለያችሁ። መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት፣ ድንጋዩም የሚያንሸራትት ነውና ሶሉ የሚይዝ ጫማ አድርጉ። እንደኔ ጉልበት የሚያመው ሰው ከከፍታው መሐል ከተማ ጀምሮ ወደ በሮቹ ቁልቁል ይውረድ፤ መመለሻውን ባጃጅ ይያዝ። አምስቱን በር በአንድ ቀን ለማየት አትሩጡ። አንዱን በር መርጣችሁ ጠዋትም ማታም ቁሙበት። ሰው ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ሴቶቹ ቀሚሳቸው ስለሚያምር ብቻ የመንገድ ጌጥ አይደሉም። ወደ መቃብር ስፍራዎችና መስጊዶች ስትቀርቡ ልብሳችሁ ጨዋ ይሁን።

እሑድ ማታ ሜክሲኮ ገባን። በማግስቱ ጓደኛዬ እንደልማዷ ደወለች። «መቼ ነው የምትመጪው?» ሳትለኝ ቀድሜ «ዛሬ» አልኳት። ዝም አለች፤ ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

ሁለት ታክሲና አንድ አውቶቡስ ያዝኩ። ከሐረር ያመጣሁትን ዘይቱንና ቡና በዘንቢል ይዤ ስደርስ እሷ ከአራተኛ ፎቅ ወርዳ ከደረጃው ሥር ቆማ ትጠብቀኛለች። ደረጃውን ተደጋግፈን ወጣነው፤ በየፎቁ አረፍን፣ በየፎቁ ያለውን ጎረቤቷን በር እያሳየች «እዚህ ያለችው ጥሩ ሴት ናት፣ እዚህ ያሉት ገና አልተዋወቅንም» ትለኛለች። ቡናው ተቆላ። ስለ ኤረር በር ነገርኳት፤ ስለዚያች ሌሊትም ነገርኳት። አልመከረችኝም፣ አላጽናናችኝም። ሲኒዬን ሞላችልኝ።

በረካውን ስንጠጣ መሸ። ሻሼን አንሥቼ ስነሣ «የት ትሄጃለሽ በዚህ ምሽት? እደሪ» አለችኝ።

አደርኩ።